የተበጠሰ ሽቦ የለም

ነሐሴ 10፣ ጠዋት

ጭንቅላቴ አልተከፈተም። በመጋዝም፣ በቢላም። ይህን መጀመሪያ ልጻፈውና ሌላው ይከተል።

ወሬውን የነገረችኝ ጎረቤቴ ዘይነባ ናት። ከጓሮዬ ጎመን ልትቀነጥስ ገብታ፣ ጎመኑን ትታ እኔን ታያለች። አናቴን። ምን ፈልገሽ ነው እላታለሁ። ስፌቱን፣ ትላለች፤ ከዚያ ሳቋ ያፈናታል። ገበያ ውስጥ የሚወራው እንዲህ ነው፦ ብርቅነሽ፣ ጡረተኛዋ የሒሳብ አስተማሪ፣ አ.አ. ተወስዳ ጭንቅላቷ ተከፈተ። ውስጡ ያለው ሽቦ ተበጣጥሶ ተገኘ። ሐኪሞቹ ደንግጠው መልሰው ሰፉት። ከእንግዲህ ሰው አትለይም።

እርማት። አልተወሰድኩም፤ ሄድኩ። ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ በመስኮት በኩል ተቀምጬ። ኤም.አር.አይ በሚሉት ማሽን ውስጥ ተኛሁ፣ አንጎሌ ፎቶ ተነሣ፣ ጫማዬን አጠለቅሁ፣ ተመለስኩ። ሽቦ የሚባል ነገር በሰው ጭንቅላት ውስጥ የለም። ሰው ደግሞ እለያለሁ፤ ወሬ የሚያበዛውን ጭምር።

ለምን እንደሄድኩ አንቺ ታውቂያለሽ ደብተሬ። ቢሆንም በንጹሕ ይጻፍ። ድባቴ አለብኝ። ድብርት አላልኩም፤ ድብርት ዝናብ ሲበዛ ማንንም ይይዛል። ይህ በሽታ ነው። አራት ጊዜ መጥቶ አራት ጊዜ ሄዷል። መጀመሪያ ወልቂጤ ሳስተምር፣ ገና ወጣት ሳለሁ። መጨረሻ አምና ክረምት። ሁልጊዜ በክረምት። የሚከታተለኝ ወጣት ሐኪም፣ በሽታው የሚመላለስባቸውን ሰዎች አንጎል ለማጥናት ፈቃደኛ ሲፈልግ እሺ አልኩ። ሲያመኝ ብዙ ሰው አይቶኛል። ደህና ሳለሁ የሚያየኝ አንድ ሰው ይኑር ብዬ ነው።

ማሽኑ ሲጮህ ልጄ ሙሉጌታ ሱቅ ውስጥ ቆርቆሮ የሚቆረጥ ይመስላል። (አ.አ. የቤት ክዳን ይሸጣል።) ማሽኑን የምታዘው ልጅ በድምፅ ማጉያ፦ «እማማ፣ ምንም ሳያስቡ ዝም ብለው ይተኙ።» ምንም አለማሰብ አይቻልም አልኳት። «እሺ፣ ያሻዎትን ያስቡ።» የማባዣ ሠንጠረዥ አሰብኩ። ከሁለት ጀምሬ፣ ማሽኑ እስኪያቆም። በኋላ ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ግንባሩን ያዘ። ሐሳብዎን ይልቀቁት ማለታችን ነበር አለኝ። ታዲያ እንደዚያ አይሉም?

ነሐሴ 12

እህቴ ከወልቂጤ ደወለች። እያለቀሰች። «እታለም፣ ታውቂኛለሽ?»

ታናሼ ናት። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኋት። አላውቅሽም፣ ማን ልበል አልኳት። ዋይታዋ ጆሮዬን ሊበጥሰው። ቀልድ መሆኑን ለማስረዳት ከወሬው ይልቅ ከባድ ሆነ። ወሬ ከቡታጅራ ወልቂጤ ለመድረስ ሚኒባስ አይጠብቅም። እዚያ ሲደርስ ደግሞ ተሻሽሏል፤ አንጎሌን ግማሹን አስቀርተውታል።

ጾም ነው። ምግቤም ቀልዴም ደረቅ።

እንሰቱን አረም ውጦታል። ነገ።

ነሐሴ 14፣ ከሰዓት በኋላ

ሐኪሙ ዛሬ ጤ/ጣቢያ መጥቶ ነበር። ውጤቱን ሊያስረዳኝ ወረቀት አውጥቶ ክብ ክብ ይሥላል። በክቦቹ መሀል መስመር። ሥዕሉ ንጹሕ አይደለም፤ አላረምኩትም።

የአንጎል ክፍሎች እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ ይላል። አንዱ ቡድን ሰው ሥራ ሲፈታ፣ ስለራሱ ሲያወጣ ሲያወርድ ይነቃል። ሌላው ቡድን ሐሳብን ይገታል፣ ወደ ሥራ ይመልሳል። ድባቴ የተመላለሰባቸው ሰዎች ዘንድ በእነዚህ መካከል ያለው ግንኙነት ከሌላው ሰው ይለያል። የትኛው እንደጠበቀ፣ የትኛው እንደላላ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው በአንድ ቃል አይስማሙም።

ይለያል ስትል በምን ሒሳብ? አልኩት። በአማካይ፣ አለ።

ወንበሬን አስጠጋሁ። አማካይን ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬዋለሁ። የክፍሉ አማካይ ሃምሳ ሆኖ ሃምሳ ያመጣ አንድም ተማሪ ላይኖር ይችላል። ግማሹ ጎበዝ፣ ግማሹ ሰነፍ። ታዲያ ከእኔ ፎቶ እኔን ማንበብ ትችላለህ? አልችልም፣ አለ። አምስተኛው ይምጣ አይምጣ ይታያል? አይታይም። ልዩነቱ ነው በሽታውን ያመጣው ወይስ በሽታው ልዩነቱን? ብዕሩን አስቀመጠ። አናውቅም፣ አለ።

ሙሉ ማርክ። ስንቱ የተማረ ሰው ይህን ቃል ሳይናገር ይሞታል።

ከዚያ አበላሸው። ሰው የተመላለሰበት መንገድ እየሰፋ ይሄዳል፣ እንደዚያ ይቁጠሩት አለኝ። መንገድ ስላለ መሄድ ግድ ነው? አልኩት። የእንሴኖ መንገድ ከደጄ ይነሣል። ዕድሜዬን ስጓዝበት አልኖርኩም። ሳቀ። ጻፈው መሰለኝ።

ትእዛዙ፦ መድኃኒቱን በራሴ ሥልጣን እንዳላቆም። ምልክቱን ሳይ ወዲያው እንድመጣ፤ ተሸክመውኝ ሳይሆን። ምልክቱን ቀድሞ የሚያውቅ ማን ነው? ብሎ ጠየቀኝ። እኔ፣ አልኩ። «ከእርስዎ ሌላስ?»

ጥያቄውን ይዤ ወጣሁ። ወደ ቤት እየተመለስኩም መልሱ አልመጣልኝም።

ነሐሴ 17

ጾሙ ተፈታ። ቅቤ ወደ ከተማው ተመለሰ። ከገበያው በኩል ቅቤ በኮባ ጠቅልለው የሚያልፉ ሴቶች።

የእኛም ውጆ ዛሬ ማዋጣት ጀመረ። ሐኪሙ የሌላ አገር ሰው ስለሆነ ውጆ ምንድን ነው ብሎኝ ነበር። ሴቶች ተሰብስበው ቅቤ ያዋጣሉ፣ በዕጣ የወጣላት ሁሉን ትወስዳለች፣ ተራው ይዞራል። በቃ። ዘይነባ የወጣላትን ለአረፋ ወሰደች። ለእኔ ዘንድሮ የመስቀል ተራ ወጥቶልኛል። ስንት ክረምት ስጠብቀው!

አምና ለመስቀል ቤቴ ዝግ ነበር። እኔ ውስጥ ተኝቼ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ። ልጄ ከእነቤተሰቡ አክስቱ ዘንድ ወልቂጤ ዋለ። በመስቀል የተዘጋ በር ያየ ሰው እዚህ አገር ሌላ ነገር አይጠይቅም፤ ማን ሞተ ነው የሚለው። ዘንድሮ ይከፈታል። ሁለቱም ሳንቃ። ሙሉጌታ፣ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ እህቴ። ትልቁን የክትፎ ጣባ አጥቤ ፀሐይ ላይ ደፍቼዋለሁ፤ ፀሐይ ካለች።

ነሐሴ 20

ተዋበች መጣች። የውጆው ሰብሳቢ። እንደ ለቅሶ ቤት ነጠላዋን አጣፍታ። ዓይኗ አናቴ ላይ።

ጤናዬን ጠየቀች። መለስኩ። እንደገና ጠየቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሕፃን የተኛበት ቤት እንደሚወራ፦ ሴቶቹ ተመካክረዋል። በጣም አዝነውልኛል። ክረምት እንደሚከብደኝ ያውቃሉ። ያን ሁሉ ቅቤ ማንጠር፣ እሳት፣ እንግዳ፣ ቢላ... ቢላ ስትል ቆም አለች። ለእኔ አይሆንም። ስለዚህ የመስቀሉ ተራ ከመካከላችን ለአንዷ፣ ለዘውዴ ተሰጥቷል። ዘንድሮ ልጇን ድራለች፣ አማቾች ይመጡባታል። እኔ የዘውዴን የፋሲካ ተራ እወስዳለሁ። እስከዚያ ጭንቅላቴ ይጠግጋል።

ይጠግጋል!

ምን መለስኩ? ምንም። በሩ ድረስ ሸኘኋት። ቢሰድቡኝ መልሱን አውቀው ነበር። ለደግነት የሚመለስ መልስ ግን አላስተማሩኝም። አሁን ብቻዬን ተቀምጬ መልሱ ይጎርፍልኛል። ዕጣ ከወጣ በኋላ ባለ ዕጣዋ በአፏ ካልሰጠች በስተቀር ተራ አይነካም። እናቶቻችን ያኖሩት ደንብ ነው። ደግሞ የታመምኩት አምና ነው፤ ዘንድሮ ማን ታመመ? ወሬው።

ዝም ማለቴ ግን ይቆጠራል። በእኛ ዘንድ ዝም ያለ ሰው እሺ ብሏል።

ነሐሴ 21

ሙሉጌታ ደወለ። ሰምቷል። ማን እንደነገረው አልጠየቅሁም፤ ቡታጅራ ናት።

አልተቆጣም። «እንዲያውም ጥሩ ሆነ እማዬ።» አ.አ. መጥቼ መስቀልን እነሱ ዘንድ ልዋል። ክፍሉ ተዘጋጅቷል። ከዚያማ ምን ያስቸኩለኛል፣ ልክረም። ቤቱን የሚከራይ አንድ የባንክ ሠራተኛ አለ፤ ጨዋ ልጅ ነው፤ ለጊዜው ብቻ።

ለጊዜው የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ። ዘንድሮ በሩ ካልተከፈተ ሌላ ጊዜ አይከፈትም።

አስቢው ደብተሬ። በመስቀል ሰሞን ከአ.አ. ወደ ጉራጌ የማይጫን መኪና የለም፤ አውቶብሱ፣ ሚኒባሱ፣ የጭነት መኪናው። እኔ ባዶ መኪና ውስጥ ብቻዬን በተቃራኒው ልሄድ። ሾፌሩ ራሱ፣ እማማ ተሳስተዋል፣ ይውረዱ ይለኛል።

አልመጣም አልኩት። ከቃሌ በፊት እንባዬ ደረሰ። ሰማው። «አየሽ?» አለ። «አየሽ እማዬ?»

ይህ «አየሽ» ከጥፊ ይብሳል። የተነጠቀ ሰው አያለቅስም? ሌላ ሰው ሲያለቅስ አዘነ ይባላል። እኔ ሳለቅስ ማስረጃ ነው።

ነሐሴ 26

ዶሮ ሳይጮህ ነቃሁ። እንደ ትናንቱ፣ እንደ ከትናንት ወዲያው። ቆጮው አመድ አመድ ይላል። ጎመኑም። ማበጠሪያው የት እንዳለ አውቃለሁ፤ እጄ አይሄድም።

ይህ በሽታው ነው? ወይስ ቁጣ? የተበደለ ሰው እንቅልፍ ያጣል፣ የታመመም ያጣል። ማን ይለይልኝ? ያ ፎቶ አይለይም። ሐኪሙ ራሱ ብሏል።

ልክ ቢሆኑስ? ተዋበች ልክ ብትሆንስ?

ይህን ዐረፍተ ነገር ልሰርዘው ነበር። ይቆይ።

ነሐሴ 27

ዝናብ። አልተነሣሁም።

ነሐሴ 28

ምንም።

ነሐሴ 30፣ ዓርብ፣ ማታ

ዘይነባ በሩን ገፍታ ገባች። የገበያ ቀን ነው፤ ሳንጠራራ ሄደን አናውቅም።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ የሞተች ሴት!»

አልሞትኩም አልኩ፣ ከብርድ ልብሱ ውስጥ።

«ታዲያ ምን ያገማሻል?»

ብርድ ልብሱን ገፈፈችው። ልቆጣ ፈልጌ አቅም አጣሁ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ የገበያ ቅርጫቷን ጭኗ ላይ አድርጋ። ነገርኳት። ሁሉንም። ተዋበችን፣ ሙሉጌታን፣ አመድ የሚለውን ቆጮ። ከዚህ በፊት መናገር ስችል ተናግሬ አላውቅም፤ ሰው ሲያውቅብኝ አፌ አስቀድሞ ተዘግቶ ነበር።

ዘይነባ ስትናደድ ጉራጊኛውን ከአማርኛው ታደባልቀዋለች። የሰማሁትን ላስቀምጥ፦ «እግሬ የተሰበረ ጊዜ ቅቤዬን ነጠቃችሁኝ? ማን አነጠረልኝ? አንቺ! እኔ በጀሶ ተጋድሜ እያዘዝኩሽ። ኮረሪማውን አብዝተሽብኝ፣ አረፋን ሙሉ ሲያስነጥሰን ዋለ።»

እግር ሌላ፣ ጭንቅላት ሌላ፣ አልኳት።

«በምን? ሁለቱም ያንቺ አይደሉም?»

ሐኪሙ ብዙ ክብ ሥሎ እንዲህ አላስረዳኝም።

ውሃ አሞቀች። እንደ ልጅ አጠበችኝ። አበጠረችኝ፤ ፀጉሬ ተተብትቦ ነበርና ሁለታችንም ጮኽን። ከቅርጫቷ ለጋ ቅቤ አውጥታ አናቴ ላይ አደረገችልኝ። «ሽቦውን ላለስልስልሽ።» ሳቅሁ። ሳቁ ከሩቅ የመጣ ነው፣ ግን ሳቅ ነው።

ከዚያ ገበያውን ትታ ጤ/ጣቢያ ወሰደችኝ። ነርሷ በእግሬ ስገባ ስታይ ተነሥታ ቆመች። አምና በቃሬዛ ነበር የተቀበለችኝ። ለሐኪሙ ደወለች፣ አወሩ፣ መድኃኒቱን አስተካከሉልኝ። ዘንድሮ በጊዜ መጡ፣ አለችኝ። መቼ ይሻለኛል? ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል።

ለመስቀል ላይደርስ ይችላል ማለት ነው። እሺ። ካልደረሰ እኔ እደርሳለሁ።

ጳጉሜን 2

የጳጉሜን ዝናብ። ሰፈሩ ሁሉ ውጭ ወጥቶ ይጠመቃል፣ ልጆች ይጯጯኻሉ። እኔ ከአረሙ ጋር ነኝ። እንሰቱን ዛሬ አረምኩት፤ ግማሹን። ደስ አላለኝም። አረምኩት።

ትንሹን እንሰት ከችግኝ ቦታው ነቅዬ ወደ ሰፊው አዛወርኩ። እንሰት እንዲህ ነው፤ ይነቀላል፣ ሥሩ ይቆረጣል፣ ይተከላል፣ ደግሞ ይነቀላል፣ እያለ ይወፍራል። ሐኪሙ ይህን ቢሰማ ምሳሌ ያደርገዋል። እኔ አላደርገውም። እንሰት እንሰት ነው። እኔን ማንም ባይነቅለኝ እመርጣለሁ።

ምግቡ አሁንም አመድ። በላሁት።

ጳጉሜን 4

እንሰቱን ሳርም የመጣልኝ ሐሳብ። ሐሳብ ሳይሆን ቁጣ፤ ንጹሕ ቁጣ፣ ጥሩ እንቅልፍ እንደተኛ ሰው።

ሐኪሙ አይቶኝ፣ ፎቶ አንሥቶኝ፣ በማሽን መርምሮኝ፣ የእርስዎን ነገ አላውቅም አለ። ተዋበች አናቴን ከበር አይታ አወቀችው። የእኔን መስቀል እኔ ሳልደርስበት ጨረሰችልኝ። በሽታው አራት ጊዜ ሲመጣ ክረምቴን ወስዷል። እነሱ ያልመጣውንም ወሰዱልኝ።

አማካይ ሆኜላቸዋለሁ። አልሆንም።

ውጆው ፊት እናገራለሁ ስላት ዘይነባ መጀመሪያ አልወደደችውም። ተዋበችን ለብቻዋ አናግሪያት አለች። አይሆንም። የተወሰደው በሸንጎ ነው፣ በሸንጎ ይመለስ። የመጨረሻው ቅቤ የሚዋጣው መስከረም 9 ነው። እሄዳለሁ።

መስከረም 9፣ ማታ

ጽሕፈቴ ዛሬ ንጹሕ አይደለም። ቢሆንም ዛሬውኑ።

ተዋበች ቤት። ሴቶቹ ሁሉ አሉ። ቅቤው መሀል ላይ፣ በትልቁ እንስራ፣ አፉ በኮባ ተሸፍኖ። ዘውዴ ከጎኑ። እኔ ስገባ ወሬው ቆመ። ሁልጊዜ የምቀመጥበት ቦታ ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣለች። ስለዚህ ቆሜ ቀረሁ፤ በኋላ ሳስበው መቆሙ ጠቀመኝ። ሁሉም አናቴን ያያሉ።

ሻሼን ፈታሁ።

ከሴቶቹ አንዷ በስመ አብ አለች። ጎንበስ አልኩ። ፈልጉ፣ አልኩ። ስፌት ያገኘች ቅቤውን ትውሰድ።

ማንም አልተነሣም። ዘይነባ ከኋላ፦ «እኔ ፈልጌ አጥቻለሁ። ቅማል እንኳ የላትም።» አንዷ ሳቀች፣ ሌላዋም፤ ተዋበች አልሳቀችም።

ሻሼን ሳላስር ተናገርኩ። አስቀድሜ ያሰናዳሁት ንግግር ነበር፤ ጠፋኝ። የቀረኝን ተናገርኩ። አራት ጊዜ ታምሜአለሁ። አምስተኛም ሊመጣ ይችላል። አሁንም፣ ዛሬ፣ እዚህ ቆሜ ደህና አይደለሁም፤ የበላሁት አይጥመኝም፣ እንቅልፌ ጎዶሎ ነው። መድኃኒት እወስዳለሁ። ይህን ከእኔ ስሙት፣ ከገበያ አይደለም። ይህ ሁሉ ሆኖ ዕጣው የእኔ ነው።

«ላንቺው ብለን ነው እኮ!» ተዋበች እንባ አቅርራለች። «እግዜር ያውቃል። እህቴ ብትሆን ምን አደርግ ነበር ብዬ ነው።»

አምንሻለሁ አልኳት። እውነቴን ነው። ግን ባለ ዕጣዋ በአፏ ሳትሰጥ ተራ ይነካል?

«ዝም ብለሽ አልነበረ?»

«ዝም ብዬ ነበር። አሁን እየተናገርኩ ነው።»

ከዚያ ዘውዴ። እሷን አላሰብኳትም፤ እውነት አላት። «እኔስ? አማቾቼን ጠርቻለሁ። በምን ላስተናግድ? በጎመን?» እኔ ቤት አምጪያቸው አልኩ። ወዲያው ነው የወጣልኝ። ለሁሉም ይበቃል፣ በሬ ክፍት ነው።

«አማቾቼን ዕብድ ቤት?»

አመለጣት። ሁላችንም እንዳመለጣት አየን። አፏን በነጠላዋ ያዘች። ይህን ቃል ከጀርባዬ ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ ፊት ለፊት ግን የመጀመሪያዬ ነው። የሚገርመው ቀለል አለኝ። ለደግነት መልስ የለኝም። ለዚህ ግን አለኝ።

አዎ፣ እዚያው፣ አልኳት። ዕብዷ ክትፎ ስታሰናዳ ይዩ። ካልጣማቸው ይመስክሩብኝ።

ተዋበች ተነሣች። እንስራውን በሁለት እጇ አቅፋ እግሬ ሥር አስቀመጠችው። «ውሰጂ» አለች። እንደ ደንቡ ምርቃት ይከተል ነበር። ቆሜ ጠበቅሁ። አልመጣም። ከሴቶቹ ግማሾቹ መሬት መሬት ያያሉ። ከበር ላይ አንዷ፣ ማን እንደሆነች አላየሁም፣ ቀስ ብላ «አሜን» አለች፤ ምርቃት ሳይኖር።

ያለ ምርቃት ወሰድኩ። ከዘይነባ ጋር፣ በአንድ ጎን እኔ፣ በአንድ ጎን እሷ። በመንገድ ላይ የተከፈተ ፀጉሬን ሰው ያያል። ይይ።

መስከረም 10

ሙሉጌታ ጋ ደወልኩ። እኔ ነኝ የደወልኩት። ቅቤው ቤቴ ነው፣ መስቀልን እዚህ ትውላላችሁ አልኩ። ስለ ሻሹም ሰምቷል። ዘንድሮስ ብትታመሚብን? አለ። ድምፁ ውስጥ ፍርሃት አለ፤ ለካ አምና የፈራው እሱም ነው። ይህን አላሰብኩትም ነበር። ብታመም በቤቴ እታመማለሁ፣ አልኩት። እናንተ ትበላላችሁ፣ እኔ እተኛለሁ፣ በሩ ግን ክፍት ይሆናል። ለባንክ ሠራተኛው ሌላ ቤት ፈልግለት።

ከዚያ፦ «ቢላዎቹን ላስሞርድልሽ?»

አምጣቸው አልኩ።

ሐኪሙም በነርሷ በኩል ላከብኝ፤ ከመስቀል በኋላ እንደገና በማሽኑ ልታይ እችል እንደሆነ። እሺ ብያለሁ፣ በአንድ ቃል ኪዳን፦ ውጤቱን ወልቂጤ ከመስማቷ በፊት እኔ እሰማለሁ። ዘንድሮ የማባዣ ሠንጠረዥ አላስብም። የሚያስደስታቸው ከሆነ ሐሳቤን እለቀዋለሁ። ወዴት እንደሚሄድ እኔም ልይ።

መስከረም 11፣ ሲመሻሽ

ዛሬ ጠዋት ከባድ ነበር። ከአልጋ ለመውረድ ከራሴ ጋር ስሟገት ፀሐይ ወጣች። አልተሻለኝም፤ ማለት በደንብ አልተሻለኝም። ቆጮው ከትናንት ይልቅ ጥቂት ቆጮ ቆጮ ይል ነበር፤ ወይም ራበኝ። ይህን አላጋንንም።

ሐኪሙ ለጠየቀኝ ጥያቄ ዛሬ መልስ አገኘሁ። የቤቴን ትርፍ ቁልፍ ለዘይነባ ሰጠሁ። እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት ድረስ በሬ ካልተከፈተ ሳትጠሪ ግቢ አልኳት። «ምን ይዤ?» አለች። ምላስሽ ይበቃል።

ነገ ቅቤው ይነጠራል። ቅደም ተከተሉ፦

መጀመሪያ እነሣለሁ። ይህን የጻፍኩት ቀላል ስለሆነ አይደለም።

ክኒኔን በውሃ፣ ከማሰቤ በፊት።

አበጥራለሁ። ሻሽ አላስርም፤ እሳት ዳር ይሞቃል።

በሩን፣ ሁለቱንም ሳንቃ።

ከዚያ እሳት፣ ድስት፣ ቅቤው። ኮረሪማው በልክ፤ ዘይነባ ቆማ ትመስክር።

ሲነጠር ለዘውዴ በጣሳ እልካለሁ። ይቅር ስላልኳት አይደለም፤ ገና ነኝ። አማቾቿ ምን አጠፉ?

እና የምሥራቁን መስኮት እከፍታለሁ። ነፋሱ ሽታውን በዚያ በኩል ወደ ተዋበች ቤት ነው የሚወስደው።